ሁለት ሐሙስ በሠዓሊው ማድ ቤት

ከሎንዶን ከተመለስኩ ወዲህ ደሴ ላይ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ የንግሥቲቱን ቤተ መንግሥትና ትልቁን ሰዓት እንዴት እንዳገኘኋቸው ይጠይቀኛል። ሁለቱንም አላየኋቸውም። በአሥር ቀን ውስጥ ደህና አድርጌ ያየሁት የአንድ ስፔናዊ ሽማግሌ ማድ ቤት ነው። የማድ ቤቱን ወለል፣ የመስኮቱን ስንጥቅ፣ የማንቆርቆሪያውን እጀታ ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ ልነግራችሁ እችላለሁ። በየመንገዱ ቆሜ መተረክ ስለ ሰለቸኝ ቀኑን በቀኑ አድርጌ ጻፍኩት፤ የሚፈልግ ያንብበው።

ለጉዞው ምክንያት የሆነኝ ከሰናይት የመጣ ደብዳቤ ነው። ሰናይት የጎረቤታችን ልጅ ናት፤ እንግሊዝኛም ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አሁን ሎንዶን ውስጥ አቅመ ደካማ ሽማግሌዎች በሚጦሩበት ቤት ትሠራለች። አንድ ቀን ኬንቲሽ ታውን በሚባለው ሰፈር ቤተ መጻሕፍት ገብታ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉ የእርሳስ ሥዕሎች ስታይ፣ ከአንዱ ሥር «መስፍን፣ ከደሴ» የሚል ጽሑፍ አነበበች። በሥዕሉ ላይ አንድ ሰው ማድ ቤት ውስጥ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጧል። ፎቶ ኮፒውን ላከችልኝ። ወረቀቱ ጠቁሮ ፊቱ እምብዛም አይለይም፤ አቀማመጡን ግን ወዲያው አወቅሁት። መስፍን ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲቀመጥ ግራ ትከሻውን ዝቅ ያደርጋል። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ይኑር ይሙት አላውቅም ነበር። ያላወቅሁትም በራሴ ጥፋት ነው።

ሁለት ወንድሞች ነበሩኝ፤ መስፍንና ሳምሶን። እናትና አባታችን ቀድመው ስላረፉ ያሳደግኳቸው እኔ ነኝ። በደርግ ጊዜ፣ ወጣቱ በየመንገዱ በሚረሸንበት በዚያ ክፉ ዓመት፣ መስፍን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። በስውር ወረቀት ይበትናል፤ ትንሹ ሳምሶንም ይከተለዋል። መስፍን በመተማ በኩል ወደ ሱዳን አመለጠ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሳምሶንን ከቤት ወስደው አሠሩት፤ ብዙም ሳይቆይ ገደሉት። መስፍን ካርቱም ሲደርስ «በሰላም ገብቻለሁ» ብሎ ጻፈልኝ። የሳምሶንን ሞት ገና አልሰማም። እኔ የመለስኩለት ሦስት መስመር ነበር፦ «ሁለት ወንድሞች ነበሩኝ። አንዱ ሞተ፣ አንዱ ገደለው። ከእንግዲህ እንዳትጽፍልኝ።» አልጻፈልኝም።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ከሳምሶን ጋር ታስሮ የነበረ አንድ ሰው ደሴ መጥቶ አነጋገረኝ። ከሰውየው ቃል መስፍንን በሐሰት መክሰሴን ተረዳሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፌ እንቅልፍ አልሆነም። ሰናይት «አድራሻውን አፈላልጌ ልጻፍለት» ብትለኝ ከለከልኳት። በደብዳቤ ያበላሸሁትን በደብዳቤ ላቃናው አልፈለግሁም፤ መምጣቴን ቢሰማ ይሸሸኛል ብዬም ፈራሁ። በቤተ መጻሕፍቱ ያሉት ሰዎች ለሰናይት የነገሯት ይህን ብቻ ነው፦ ሠዓሊው እዚያው ሰፈር ይኖራሉ፣ አድራሻቸውንም ሰጧት፤ መስፍን የሚባለውም ሰው በየሳምንቱ ሐሙስ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት፣ ቤታቸው ሄዶ ይሣላል። የመጥሪያ ወረቀት ላከችልኝ፤ ለወራት ደጅ ጠንቼ ቪዛ አገኘሁ።

ሰኞ ንጋት ላይ ከደሴ መናኸሪያ ተነሣን። ወሩ ጥቅምት ነው። ኮምቦልቻ እስክንደርስ ጉሙ ከእኛ ጋር ወረደ፤ ከሚሴ ላይ ሙቀት፣ ጣርማ በር ላይ እንደገና ብርድ። ስንት ጊዜ ተመላልሼበታለሁ፤ ያን ቀን ግን ልቤ አንድም ቦታ አልረጋ አለኝ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ሸዋ ሮቢት ላይ ብርቱካን ገዝታ አካፈለችኝና የት እንደምሄድ ጠየቀችኝ። ሎንዶን ስላት ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና አንድ ብርቱካን ጨመረችልኝ።

ማክሰኞ አዲስ አበባ ውዬ ተሳፈርኩ፤ ረቡዕ ጠዋት ሎንዶን ነበርኩ። ስለ አውሮፕላኑ የምጽፈው ብዙ የለኝም፤ ቀበቶዬን አንዴ ካሰርኩ በኋላ እስክንወርድ አልፈታሁትም። ፓስፖርት የሚያየው ጎልማሳ ለምን እንደመጣሁ ጠየቀኝ። ወንድሜን ለማየት ነው አልኩት። የት ነው የሚኖረው? አላውቅም። ምንድን ነው ሥራው? አላውቅም። ለመጨረሻ ጊዜ የተያያችሁት መቼ ነው? ዓመቱን ነገርኩት። ብዕሩን አስቀመጠ። ሃያ አምስት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬ እንደዚያን ቀን ቃል ጠፍቶብኝ አያውቅም። ወንበር ላይ አስቀምጠውኝ ሰናይትን በድምፅ ማጉያ አስጠሯት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስትደርስ ሰውየው ይቅርታ ጠይቆ ቦርሳዬን ራሱ እስከ በሩ ያዘልኝ።

ሰናይት የምትኖረው ካሌዶኒያን ሮድ በሚባል ረዥም መንገድ ዳር፣ የሰፈሩ አስተዳደር፣ ካውንስል የሚሉት፣ በሰጣት ቤት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከታች ትንንሽ ሱቆችና ሻይ ቤቶች ተደርድረዋል። ለእኔ አልጋዋን ለቃ ራሷ ሶፋ ላይ ተኛች፤ ብለምናትም አልሰማችኝም። ጾም መሆኑን አስባ ሽሮ ሠርታ ጠበቀችኝ። አማርኛዋ ከአገር በወጣችበት ዓመት ላይ ቆሟል፤ ደሴ ላይ ዛሬ ማንም የማይላቸውን ቃላት ትላለች፣ መሃል መሃሉን ደግሞ «አፕላይ አድርጌ»፣ «ካንስል አድርገውብኝ» ትጨምርበታለች። ብርዱን እንድፈራ ብዙ አስጠነቀቀችኝ። የደሴ ሰው መሆኔን ረስታዋለች መሰለኝ። እኔን የጨነቀኝ ብርዱ ሳይሆን ሐሙስ ነው።

ሐሙስ ሰናይት ሥራ ስለነበራት የምድር ውስጥ ባቡሩን አካሄድ በወረቀት ጻፈችልኝ። «እትዬ፣ ኪንግስ ክሮስ ላይ ይቀይራሉ፤ ጥቁሩን መስመር ነው የሚይዙት፤ ከመግባትዎ በፊት የባቡሩን ስም ቼክ ያድርጉ» አለችኝ። ጥቁሩን መስመር ያዝኩ፤ ስሙን ግን አላየሁም። ያ መስመር ካምደን ታውን ላይ እንደ ሹካ ለሁለት እንደሚከፈል ማን ይነግረኛል? አንዱ ወደ ኬንቲሽ ታውን ሲሄድ የእኔው ወደ ሌላኛው ዞረ። ጣቢያ በጣቢያ ቆጠርኩ፣ ስሞቹ ከወረቀቱ አልገጠሙልኝም። በመጨረሻ ባቡሩ ከመሬት ውስጥ ወጥቶ ሰማይ ሳይ የሆነ ነገር እንደተበላሸ ገባኝ።

ጎልደርስ ግሪን በሚባል ቦታ ወረድኩ። የጣቢያው ሠራተኛ ተመልሼ ካምደን ታውን ላይ እንድቀይር ነገረኝ፤ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው አለ። እኔ ግን ያን ጉድጓድ ዳግመኛ አላምነውም ብዬ በእግሬ ተነሣሁ። ከደሴ ኮምቦልቻ በእግሬ ወርጄ የማውቅ ሴት ነኝ፤ አንድ ከተማ ውስጥ ከሰፈር ሰፈር መሄድ ምን ያቅተኛል አልኩ። ኮረብታ ወጣሁ። ከተማ መሃል በግ የማይግጥበት፣ ማንም የማያርሰው፣ ውሻ ብቻ የሚሯሯጥበት ሰፊ ሜዳ አገኘሁ። አቅጣጫ የጠየቅኋቸው አንዲት አሮጊት ዣንጥላቸውን ዘርግተው ግማሽ መንገድ ሸኙኝ። ስለ አየሩ ሲያወሩኝ እኔ ሰዓቴን አያለሁ። አምስት ሰዓት፣ አምስት ተኩል፣ ስድስት። ኬንቲሽ ታውን ስደርስ ስድስት ሰዓት ተኩል ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ቤቱ እርስ በርስ ከተጣበቁት ቀጫጭን የጡብ ቤቶች አንዱ ነው። በሩን የከፈቱልኝ የሱፍ ቆብ ያደረጉ፣ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው አጭር ሰው ናቸው። እጃቸው የቀለም ማቅጠኛ ይሸታል። ስማቸው ሴቨሪኖ ነው። መስፍንን ፈልጌ መጣሁ አልኳቸው።

«ሩብ ሰዓት አይሆነውም ከሄደ» አሉኝ።

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እንዳላለቅስ ጥርሴን ነከስኩ። እኔ ማን እንደሆንኩ ሳይጠይቁ ፊቴን ትንሽ ካዩት በኋላ «እህቱ ነዎት» አሉ። ሁለት ዓመት ያን ፊት ሲያዩ ስለኖሩ አጥንቱን እኔ ላይ አወቁት። አስገብተው የምስር ሾርባ ሰጡኝ። ምስሩ በርበሬ የለበትም እንጂ የእኛው ነው። የት እንደሚኖር ጠየቅኋቸው። አያውቁም። ስልክ የላቸውም፤ እሱም ስልኩን ሰጥቷቸው አያውቅም። የሚያውቁት በብሪክስተን በኩል አውቶቡስ እንደሚነዳና ሐሙስ ሐሙስ እንደሚመጣ ነው። የመመለሻ ትኬቴ የሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ነው፤ ስለዚህ የቀረኝ አንድ ሐሙስ ብቻ ነው።

ከዚያም ሥዕሉን አሳዩኝ። ሸራው ከእኔ ቁመት ትንሽ ያንሳል። እዚያው የተቀመጥኩበት ማድ ቤት ነው የተሣለው፦ የወለሉ ንጣፍ፣ ማንቆርቆሪያው፣ በወንበሩ ጀርባ ላይ የተሰቀለው የአውቶቡስ ነጂ ኮት፤ ከኮቱ አንድ ቁልፍ ወልቋል። መስፍን ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጦ ፊት ለፊት ያያል። ወንድሜ ፀጉሩ መሸበቱን ያወቅሁት ከሥዕል ነው። በአገራችን አብያተ ክርስቲያናት ጻድቁን በሁለት ዓይኑ፣ ኃጢአተኛውን በአንድ ጎኑ፣ በአንድ ዓይኑ ይሥሉታል። እኔም መስፍንን ይህን ሁሉ ዘመን በአንድ ዓይኑ ነበር ያኖርኩት። እዚህ ሁለቱም ዓይኖቹ አዩኝ፤ ብዙ መቆም አልቻልኩም።

ዓርብ ተመልሼ ሄድኩ። ሰናይት «ሙዚየም ልውሰድዎት» ብትለኝም እግሬ ወደዚያው ሳበኝ፤ በዚህ ጊዜ ባቡሩን አስተካክዬ ያዝኩ። አቶ ሴቨሪኖ የማንቆርቆሪያውን ጥላ እየሣሉ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት የጨረሱት መስሎኝ ነበር፤ ጥላው ተለውጧል አሉኝ። ግድግዳው ላይ ሌሎች ሥራዎቻቸውን አየሁ፦ ገርበብ ያለ የመታጠቢያ ቤት በር፣ የተላላጠ የብረት ድስት፣ ያልተነጠፈ አልጋ። አልጋው ሚስታቸው የሞቱበት ነው፤ ሰባት ዓመት ሣሉት። ከሩቅ ፎቶግራፍ ይመስላል። ቀረብ ሲሉት ግን አንሶላው ላይ እጅ የተደገፈበት እጥፋት ሁሉ አንድ በአንድ ታስቦበታል። ሥዕል የሚሸጥ አንድ ሰው በየዓመቱ እየመጣ «እባክህን ጨርስ» ይላቸዋል፤ ሲያልቅ ያልቃል ይሉታል።

እንዴት ከመስፍን ጋር እንደተዋወቁም ነገሩኝ። በሚነዳው አውቶቡስ ላይ ይሳፈሩ ነበር። ልሣልህ ሲሉት እምቢ አላቸው። አንድ ዓመት ሙሉ በተሳፈሩ ቁጥር ጠየቁት፣ አንድ ዓመት ሙሉ እምቢ አለ። ከዚያ አንድ ሐሙስ ሳይጠሩት በራቸውን አንኳኳ።

ቅዳሜ ሰናይት ሺፍቷን ቼንጅ አድርጋ ብሪክስተን ወሰደችኝ። ሰዉ ብዛቱ፣ የከረመ ዓሣና የማንጎ ሽታ፣ ከየሱቁ የሚጮኸው ሙዚቃ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ገበያ የሚመስል ገበያ አየሁ። ሻጮቹ እንደ ደሴ ነጋዴዎች «እናቴ፣ ነይ ቅመሺ» ይላሉ። እኔ ግን ምንም አልገዛሁም። አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ቆሜ የእያንዳንዱን ነጂ ፊት አያለሁ። ከሰዓት በኋላ አንድ ግራ ትከሻው ዝቅ ያለ ሰው አየሁና ሮጬ መስታወቱን መታሁ። ፀጉሩን የገመደ የጃማይካ ሰው ነበር። ሳይቆጣ በሩን ከፈተልኝ። ወንድሜን እየፈለግሁ እንደሆነ ነገርኩት፤ ከጋራዡ ሁለት መቶ ሰው እንደሚወጣ፣ ሁሉንም በስም እንደማያውቅ፣ ግን ዝምተኛ የሆነ አንድ የኢትዮጵያ ሰው እንዳለ ነገረኝ። ዛሬ ዕረፍቱ ይሁን አይሁን አላወቀም። እስከ መጨረሻው ማቆሚያ አድርሶን መለሰን። ሰናይት እግሯ አብጦ፣ «እትዬ፣ እንግዲህ ሐሙስን እንጠብቅ» አለችኝ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ከቅዳሴ በኋላ የጠየቅነው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። አንዲት ሴት ብቻ የምትሄድበትን አውቶቡስ የሚነዳ ሐበሻ የሚመስል ሰው እንዳለ፣ በአማርኛ ሰላም ብትለው በእንግሊዝኛ እንደመለሰላት ነገረችን። ኤርትራዊ ወይም ሱማሌ ይሆናል ብላ ትታዋለች። ምሳ የጋበዙን ሰዎች ቤት ዶሮ ወጥ ቀርቦልኝ አንድ ጉርሻ ብቻ ቀምሼ ተውኩት።

ሰኞ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ቦርሳዬ ውስጥ የሳምሶን ፎቶ ነበር፤ ለተማሪነት መታወቂያው የተነሣው፣ ከአውራ ጣት ብዙ የማይበልጥ። አቶ ሴቨሪኖ ዘንድ ይዤው ሄድኩና ከመስፍን ጎን ባዶው ቦታ ላይ እንዲሥሉልኝ ለመንኳቸው። ሁለቱ አንድ ላይ ይሁኑልኝ አልኩ። ፎቶውን በሁለት ጣታቸው ይዘው ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ መልሰው ሰጡኝ።

«አልችልም» አሉ።

ከፋኝ። ሻዬን ትቼ ኮቴን አነሣሁ። ተቀመጡልኝ ብለው የራሳቸውን ነገር ያጫወቱኝ ያኔ ነው። የተወለዱት ሜዳው እንደ ከሚሴ በሚያቃጥል አገር፣ ባቡር ሐዲድ ዳር ነው፤ አባታቸው ባቡር ሲመጣ መንገድ የሚዘጉ ሰው ነበሩ። አገራቸው እርስ በርስ ተዋግቶ ሲያበቃ አባት የሌለው ልጅ ብዙ ነበር፤ እሳቸውም አንዱ ናቸው። በአሥራ አራት ዓመታቸው ፎቶግራፍ ቤት ገብተው ተቀጠሩ። ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች የሟቾቹን ትንንሽ የመታወቂያ ፎቶ ያመጣሉ፤ እሳቸው አተልቀው በቀለም ይሥሉታል። ገበሬውን ሱፍ ያለብሱታል፣ ክራባት ያስሩለታል፣ ጉንጩን ያቀሉታል። ሴቶቹ እያለቀሱ ይወስዳሉ። አንድ ቀን አንዲት ሴት የወሰደችውን ሥዕል መልሳ አመጣች። «ቆንጆ ነው፤ ግን ይህን ሰውዬ አላውቀውም። የእኔው ሰው ፊቱ ከዚህ ፎቶም እየጠፋብኝ ነው፣ አንተ ደግሞ ጨርሰህ ወሰድክብኝ» አለቻቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ፊት ለፊታቸው ያልተቀመጠ ሰው ሥለው አያውቁም። ማድሪድ ሥዕል ሊማሩ ሲሄዱ ጓደኞቻቸው መልክ የሌለው ቀለም ሲያፈሱ እሳቸው የደረቀ ዳቦና የእጅ መታጠቢያ ሣሉ፤ ሳቁባቸው። ሎንዶን መጥተው ዓመታት የሆቴል ሳህን አጠቡ፤ ጠዋት ጠዋት ግን ይሥሉ ነበር።

«ወንድምዎን ብሥለው ሌላ ሰው እሰጥዎታለሁ» አሉኝ። «የሚኖረውን እሥልልዎታለሁ። የሞተውን እርስዎ ይያዙት።»

አመስግኜ ሳይሆን ተቆጥቼ ነው የወጣሁት። ማክሰኞ ከሰናይት ቤት አልወጣሁም። ወለሉን ጠረግሁ፣ መስኮቱን ወለወልኩ፣ ንጹሑን ዕቃ እንደገና አጠብኩ። ሰናይት ከሥራ ስትመለስ ቤቷን አይታ ሳቀችና ወዲያው ተወችው፤ አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ያዘችኝ። ረቡዕ ዝናብ ሆነ። አቶ ሴቨሪኖ ብርሃኑ ካልተስማማቸው አይሠሩም፤ ነገም ቢጨልም መስፍንን ከበሩ ቢመልሱብኝስ? ከመስኮቱ ሥር ቆሜ ሰማዩን እንደ ገበሬ አየሁት።

ሐሙስ ጠራ። ከሦስት ሰዓት በፊት ደረስኩ። አቶ ሴቨሪኖ የሰኞውን ቁጣዬን አላነሡብኝም። አንድ ነገር ግን አስታወቁኝ፦ «አልደብቅዎትም። በሩ ላይ እነግረዋለሁ፤ መሄድ ከፈለገ ይሄዳል።» እንዳይነግሩት ልለምናቸው አስቤ አፈርኩ። ማድ ቤቱ ውስጥ እሳቸው ቆመው ከሚሥሉበት ቦታ ጀርባ በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ። በወለሉ ላይ የወንበሩ እግሮችና የመስፍን ጫማዎች የሚያርፉበት ቦታ በጠመኔ ተከቧል። ያንን ሳይ ቆየሁ።

ልክ በአራት ሰዓት ደወሉ ተደወለ። በሩ ተከፈተ፤ ንግግራቸው አይሰማኝም። የመንገዱን መኪና ሁሉ ሰማሁ። እርምጃ መጣ፣ የማድ ቤቱ በር ተገፋ፣ መስፍን ቆመ።

«እታለም» አለ።

ድሮም የሚጠራኝ እንዲሁ ነበር። መነሣት አቃተኝ፤ እሱም አልቀረበኝም። እንደዚያ ስንተያይ አቶ ሴቨሪኖ በመካከላችን አልፈው መስኮቱን አዩና «ብርሃኑ እስከ ስድስት ሰዓት ነው ያለው። ተቀመጥ» አሉት። ጨካኝ ናቸው ብዬ ነበር፤ ምን ማድረግ እንዳለብን ለጠፋን ሰዎች የሚደረግ ነገር እንደሰጡን የገባኝ በኋላ ነው። መስፍን ሁለት ዓመት እንደለመደው ኮቱን ወንበሩ ላይ ሰቀለ፣ እግሮቹን ጠመኔው ውስጥ አሳረፈ፣ ፊት ለፊት አየ። እኔ ከሠዓሊው ጀርባ ስለሆንኩ የሚያየው እኔን ነው። አቶ ሴቨሪኖ ዛሬ ከንፈሩን ስለሚሠሩ እንዳይናገር ነገሩት፤ ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞሩ «እርስዎ መናገር ይችላሉ» ብለው ጨመሩ።

አሥራ ስምንት ዓመት ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋ። መጀመሪያ ስለ ጎረቤት አወራሁ፤ ማን እንደሞተ፣ ማን እንዳገባ፣ የአባታችን ቤት ጣሪያ እንደተቀየረ። ከንፈሩ አልተንቀሳቀሰም፤ ዓይኖቹ ብቻ ይሰማሉ። ከዚያ ነገርኩት።

«ከሳምሶን ጋር ታስሮ የነበረ ሰው መጥቶ ነበር» አልኩ። «አብረን እንሂድ ብለህ እንደለመንከው፣ እሱን ስትጠብቅ ሦስት ቀን እንደቆየህ፣ ነፍስህን ለአደጋ እንደሰጠህ ነገረኝ። እምቢ ያለው እሱ ነው። እታለምን ብቻዋን ጥዬ አልሄድም ብሎ ነው የቀረው። እስር ቤት ውስጥ ይህን እያወራ ይስቅ ነበር አለኝ። እኔ ደግሞ ገዳይ አልኩህ። በድዬሃለሁ፣ መስፍን። ይቅር በለኝ ልልህ ነው የመጣሁት።»

አልተንቀሳቀሰም። እንባው በሁለቱ ጉንጮቹ ወርዶ አገጩ ላይ ተንጠለጠለ፤ እጁን አንሥቶ አልጠረገውም። አቶ ሴቨሪኖ የምንናገረውን አንድ ቃል አያውቁም። ብሩሻቸውን ዝቅ አድርገው ቆሙ፤ ከዚያ «ዕረፍት» አሉና ወደ ጓሮ ወጡ።

መስፍን ከወንበሩ ተነሥቶ አጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ራሱን ጉልበቴ ላይ አደረገ። ሽበቱን ዳሰስኩት።

«አውቀው ነበር» አለኝ።

«ታዲያ ለምን አልጻፍክልኝም? አንድ መስመር ብትጽፍልኝ ኖሮ!»

«ምን ብዬ? በአንቺ ምክንያት ቀረ ልበልሽ? አንዳችን መሸከም ካለብን እኔ ልሸከመው ብዬ ነው።» ራሱን ከጉልበቴ ቀና አድርጎ «ሐበሻ ካየሁ አንቺን የሚያውቅ ይሆናል ብዬ እሸሻለሁ። እኚህ ሰውዬ ከደሴ ነኝ ብላቸው ደሴ የት እንደሆነች እንኳ አያውቁም፤ ለዚህ ነው እዚህ የምመጣው» አለኝ።

ለምን ያህል ጊዜ እንደተቀመጥን አላውቅም። አቶ ሴቨሪኖ ከጓሮ ሲመለሱ መስፍን ዓይኑን ጠርጎ፣ ሥራ እንዳስፈታቸው ተሰምቶት፣ ወደ ጠመኔው ተመለሰ። ሽማግሌው ግን ብሩሹን አላነሡም። እሱን አዩ፣ ሸራውን አዩ፣ እንደገና እሱን አዩ። ከዚያ ከጠረጴዛው ላይ ሰፊውን የቀለም ቢላ አንሥተው ሸራው ላይ የሣሉትን ፊቱን ከግንባሩ ጀምረው ፋቁት። የሁለት ዓመት ሐሙስ ሁሉ በቢላው ጠርዝ ላይ እንደ ጭቃ ተሰበሰበ። ከበርጩማዬ ልነሣ ነበር።

«ይህ ዛሬ የተቀመጠው ሰው አይደለም» አሉ፤ ቢላውን በጨርቅ እየጠረጉ። «እንደ አዲስ እንጀምራለን።»

መስፍን በመጀመሪያ ደነገጠ፣ ከዚያ ሳቀ። ሳቁ እንደ አባታችን ነው፤ ከሆዱ ተነሥቶ ትከሻውን ይንጠዋል። ሽማግሌው አትንቀሳቀስ አሉት፤ ባሰበት።

ማታ ሰናይት ቤት ሦስታችን ተቀምጠን በላን። ሰናይት ልጅ ሆና መስፍን በጫንቃው ተሸክሞ ወንዝ እንዳሻገራት አስታወሰችው፤ እሱ ረስቶታል። እኔ ሁለት ጊዜ አስጨመርኩ።

ዓርብ መስፍን ከሥራው ፈቃድ ጠይቆ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ሊሸኘኝ መጣ። መጀመሪያ አውቶቡስ ይዘን ፎቅ ላይ ተቀመጥን። የነጂውን አነዳድ በየመታጠፊያው ይነቅፋል፦ ፍሬኑን ቶሎ ያዘ፣ ሴትየዋ ሳትቀመጥ ተነሣ። ከፊታችን ሁለት ነጠላ የለበሱ ሴቶች ተቀምጠዋል። አንደኛዋ የታመመች ዘመድ ሊጠይቁ እንደሚሄዱ፣ ሆስፒታሉ ጋ የሚወርዱበትን ማቆሚያ እንዳያልፉት እንደፈራች ለሌላዋ በአማርኛ ትነግራታለች። እዚህ ነው፣ አይ ገና ነው እየተባባሉ ተጨነቁ።

መስፍን እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የፊታችንን መቀመጫ ብረት አየ። ከዚያ ጎንበስ አለ።

«ከዚህ ቀጥሎ ሦስተኛው ነው፣ እናቶቼ» አላቸው። «ስንደርስ እነግራችኋለሁ።»

ሁለቱም ዞሩ። ትልቋ ከላይ እስከ ታች አየችው። «ሐበሻ ነህ እንዴ፣ ልጄ? የየት አገር ልጅ ነህ?»

«የደሴ ልጅ ነኝ» አለ መስፍን፤ እጁንም በትከሻዬ ላይ አደረገ። «እህቴ ናት።»